ቀልሎ መገኘት

ግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ብሏል፤
የሰባት ዓመት ሸክም እንዲህ አጣሞኛል።
መኪና ግርግር ላይ ረምዚ ኮት ሲለካኝ
«ድንጋይ ነው ወይ ሥራሽ?» ብሎ አፌዘብኝ።

ድንጋይስ ይሻላል፣ ካስቀመጡት ያርፋል፤
አሮጌው ላፕቶፔ ይግላል፣ ያኮርፋል።
ሦስት ኪሎ ከሩብ፣ ቻርጀሩን ሳልቆጥር፣
ባቢሌ ለሠርግ ስሄድ፣ ጭሮ ስሻገር።
የደንገጎን ዳገት ሚኒባስ ሲያርሰው
ጉልበቴ ላይ ሆኖ ጉልበቴን ጨረሰው።
ሌሊት በአልጋ ቤት የሙሽራ ፊት ሳጠራ
ሃያ ደቂቃ ነው ያለ መብራት ሲሠራ፤
ከዚያ እሱም እኔም ጨለማ ውስጥ፣ በጋራ።

ድሬ ሳትግል ገና፣ ቅዳሜ ማለዳ፣
የዕቁብ ብር ቋጥሬ፣ ላራግፍ ያን ዕዳ፣
ታይዋን ገበያ ከጉሌድ ሱቅ ደረስኩ፤
ስድስት ደረደረ፣ አንድ በአንድ ዳሰስኩ።
«ይሄ ራሙ ብዙ ነው፣ ይሄ ሃርዱ ይሮጣል፣
ይሄ ባትሪው ብቻ ጅቡቲ ያደርሳል፤
ይሄኛውማ እቴ፣ በነፋስ ይበራል!»
«ግድ የለም» አልኩ «ጉሌድ፣ ቁጥሩን ተወውና
ሽንኩርት ሻጯ ጋ እንሂድ፣ ሚዛን አላትና።»

አዴ ፈቲያ ስቃ ሽንኩርቷን አነሣች፣
የሚዛኑን ሳህን በሽርጧ ወለወለች፤
ባጃጅ ነጂው ቆመ፣ ጫት ሻጯም ተጠጋች።
«ሁለት ተኩል ይሄ።»
«ይሄ ሁለት ጥፍጥፍ።»
ስድስተኛው ሲወጣ ሳህኑ ከፍ አለ፤
ለአንድ ኪሎ እንኳን እፍኝ ሽንኩርት ጎደለ።

በእኛ አፍ፣ ተመዝኖ መቅለል ያሳፍራል፤
ቀላል የተባለን ሰው ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?
ከባዱ ይፈራል፣ ከባዱ ይከበራል።
እዚያ ሚዛን ፊት ግን፣ ከሽንኩርቱ ሥር፣
ቀልሎ የተገኘው ተጨበጨበለት እንደ ሙሽር።

«ስንት?» አልኩ። ከሱ ላይ ዋጋው ነው የከበደ፤
ጉሌድ ማለ፣ እኔ ማልኩ፣ ሁለት ሺሕ ወረደ።
ልቆጥርለት ስል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤
ፍላሼን ሰካሁና ፎቶ ከፈትኩኝ።

ጁገል ውስጥ ያነሣሁት፣ የወይዘሮ ሩቅያ ቤት፣
ልጇን ስትድር ነው፣ ወለሉን ቀይ አፈር ቀብታለት።
ያን ቀይ አውቀዋለሁ፤
ተንበርክኬ ሳነሣ ሱሪዬ ላይ ቀርቷል፤
ሦስቴ ባጥበው እንኳ ቀዩ መች ይለቃል።
ቀላሉ ላፕቶፕ ግን ብርቱካን አረገው፤
ቆዳዋን አመድ አርጎ ሒናዋን አጠፋው።
ወደ ጎን ሳጋድለው ሙሽራዋ ጠፋች፣
ከፊት ሳያት ደግሞ የታመመች መሰለች።

ለካስ ሁለት ጊዜ ነው የተመዘነ፤
በአንዱ ቀልሎ ጸደቀ፣ በአንዱ ቀልሎ ተኮነነ።

«አራተኛውን አምጣ።» ጥጉ የተጫረ፣
ከዱባይ የመጣ፣ ሰው እጅ የኖረ፣
ኪሎ ተኩል መዝኖ ሎሚ የጨመረ።
ስክሪኑ አጠገብ ጉልበቴን አነሣሁ፣
የሱሪዬን ቀይ ከወለሉ ቀይ ጋር አስጠግቼ አየሁ።
ጉሌድ «እብድ ናት» አለ። እኔ ግን ገዛሁ።

ለበለጠው ግማሽ ኪሎ፣ ከቦርሳዬ ሆድ
ትርፍ ጫማና ጃንጥላ አወጣሁ።
ዝናብ ከመጣ ይምጣ፤
እሱን በላስቲክ፣ እኔን በጸሎት።

ሐሙስ ሐረር ወጣሁ፣ ኮቴን ልቀበለው።
ረምዚ ግራውን ዝቅ አርጎ ነው የሰፋው፣
ለአሮጌው ሸክም ልክ፣ ለጠመመው ጎኔ፤
መስታወት ፊት ቆምኩኝ፣ እኔ አልመስል አለኝ እኔ።
«ትከሻዬ ቢቃናስ? ኮቱ ምን ሊሆን ነው?»
መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ፣
«ያን ጊዜ ነይ» አለኝ፣ «መፍታቱ ቀላል ነው።»